ስድሳ አንደኛው ጠጠር

ሰኞ ጠዋት የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ሲከፈት፣ ዳማ ከባድ የእንጨት መደርደሪያ ተጭኖት ሞቶ ተገኘ። «ዳማ» ያሉት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ተማሪ ከመጽሐፍ ሌላ ጨዋታም ይዋስ ብሎ አርባ ሳጥን ጨዋታ ያሰባሰበ ሳቂታ ወጣት ነበር። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ሕንፃው ሲዘጋ ከውስጥ ቀርቷል። እስከ ሰኞ «የት ገባ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ ያሳፍራል!

ፖሊሶቹ ጥፋተኛ ለማግኘት አልዘገዩም። መርማሪዋ ስትደርስ መደርደሪያውን የሠራው አናጢ እጁ በካቴና ታስሯል።

«በስምንት ብሎን ከግድግዳው ጋር አስሬዋለሁ፣ እትዬ! ልጆቼን ይንሳኝ!»

«ልጆችህን ተዋቸው» አለች መርማሪዋ፤ አጭር፣ ምላሷ የማይምር ሴት ናት። የባትሪ መብራቷን ግድግዳው ላይ አበራች። «ብሎኑ ተቦጭቆ ቢሆን ልስኑ ይረግፍ ነበር። ቀዳዳዎቹ ግን ንጹሕ ናቸው። ተፈትቷል። መፍቻህ የት ነው?»

«ኮሪደሩ ላይ፣ ዕቃ ሳጥኔ ውስጥ። ያሻው ሁሉ ያነሣዋል።»

ከድጡ ወደ ማጡ! በቸልተኝነት የተያዘው ሰው አሁን በነፍስ ግድያ ሊጠየቅ ነው።

የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ጠራችው። «ክፍሉ ቀድሞ የማን ነበር?»

«የቆዩ ካርታዎች ነበሩበት። መዝጋቢያችን ሃያ ስድስት ዓመት ያደራጀቻቸው ናቸው። ለጨዋታው ስንል ወደ መጋዘን አዛወርናቸው።»

«ተቆጣች?»

«እሷ? ልጁን ሥራ ያስተማረችው እሷ ናት፤ እናቱ በሏት። የተጣላሁትስ እኔ ነኝ። ለበላይ ከሶኝ ነበር፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎት ብዬ ነው።»

መዝጋቢዋ በር ላይ ቆማ አናጢው ላይ ትጮኻለች። «ልጄን በላብኝ! ስቀሉልኝ!»

«እትዬ፣ ይረጋጉ» አለች መርማሪዋ። «የጨዋታዎቹን ዝርዝር ይጻፉልኝ። በየሳጥኑ ስንት ጠጠር እንዳለ ጭምር።»

«ከግዢው ወረቀት ላይ ገልብጬ አመጣለሁ፣ ልጄ።» እንባዋን እየጠረገች ወጣች።

መርማሪዋ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ሁሉም በላስቲክ ታስረው ስለነበር ሲወድቁ አልተበተኑም። በአንደኛው ውስጥ ግን የደረቀ ደም የነካቸው ጠጠሮች አገኘች። አጠገቡ የተቀደደ የፋብሪካ መጠቅለያና ዳማ የጀመረው ቅጽ ወድቀዋል። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ የጨዋታው ስም ተሞልቷል፤ «ብዛት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ጠጠሮቹን ቆጠረቻቸው፤ እንደገናም ቆጠረች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ይህን ሳጥን ዳማ መሬት ላይ ተቀምጦ ገና ከፍቶታል፤ ሳይቆጥረው መደርደሪያው ተገፋበት። ደሙ ጠጠሮቹን የነካው ሳጥኑ ክፍት ሳለ ነው። ታዲያ ማን ለቅሞ አሰረው? ገፍቶ የሸሸ ሰው ጠጠር አይለቅምም።»

«እኔ ማንበብም አልችል!» አለ አናጢው።

«ዝም በል፣ እያዳንኩህ ነው። የግዢው ወረቀት ስድሳ ይላል። ክዳኑም ስድሳ ይላል። ውስጡ ያለው ግን ስድሳ አንድ ነው፤ ፋብሪካው አንድ ትርፍ ጨምሯል። ይህን የሚያውቅ እዚህ ገብቶ የቆጠረ ብቻ ነው። ክፍሉ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በፖሊስ ታሽጓል።» ዝርዝሩን ዘረጋችው። «እትዬ፣ ገልብጬ ነው ብለዋል። ለምን ስድሳ አንድ ጻፉ?»

መዝጋቢዋ ወረቀቱን አየችው። ስድሳ ብላ ብትጽፍ ኖሮ አናጢው ይሞትላት ነበር። ግን በገዛ እጇ የተሳሳተ ቁጥር መጻፍ አልሆነላትም፤ መግደል ሆኖላት ይህ አቃታት።

«ስድሳ አንድ ስለሆነ ነዋ» አለች በመጨረሻ። «ካርታዎቼን አይጥ እየበላቸው ነው። ለዚህ ጠጠር!»

«መቁጠሩስ ምን አመጣው?»

«ያልተቆጠረ ዕቃ ተበትኖ ጥዬ ወጥቼ አላውቅም።»

የአናጢው ካቴና ተፈታ። ኃላፊው ፊቱን ሸፍኖ ያለቅሳል።

«ሲጣራ አልሰማሽም?» አለች መርማሪዋ፤ አክብሮቷን ትታዋለች።

«ሰምቻለሁ። ‹እትዬ፣ እትዬ› ይለኝ ነበር።»

«ስንት ላይ ስትደርሺ ዝም አለ?»

ለማስታወስ እንኳ አልተቸገረችም።

«አርባ ሦስት ላይ» አለች።