ሙሽራዋ ኪስ ውስጥ

የመጀመሪያው የእሳት እራት ቀጮ አፍንጫ ላይ ሲያርፍ መጋረጃው ከተከፈተ ገና ምንም አልቆየም ነበር። ቀጮ ንቅንቅ አላለችም፤ ዛፍ ናታ! የድራማ ክበቡ መምህር በየልምምዱ ጉሮሮው እስኪዘጋ ሲጮህባት የከረመው ይህንኑ ነው። «ዛፍ አፍንጫውን አያክክም! ዛፍ አይስቅም! ዛፍ ደግሞ በምንም ዓይነት አይሄድም!»

ስለዚህ ቅርንጫፍ የሆኑትን እጆቿን ወደ ላይ እንደዘረጋች፣ የታች ከንፈሯን አሹላ «እፍ» አለችበት። ተነሣ፤ አንዴ ዞረና ትከሻዋ ላይ ተቀመጠ። ወዲያው ሁለተኛው መጣ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ትንንሽ ልጆች በጣታቸው እያሳዩ መንሾካሾክ ጀመሩ።

ቀጮ ድሮውንም ዛፍነቱን የተቀበለችው አንጀቷ እያረረ ነው። በዚህ ቴአትር ውስጥ አህያው እንኳ ሁለት ጊዜ ያናፋል። እሷ ግን አንዲት ቃል የላትም። «ረጅምና ቀጭን ነሽ፤ ቡናማ ጃኬትም አለሽ፤ ከዚህ በላይ ግንድ ከየት ይመጣል?» ነበር ያላት መምህሩ። ከዚያም ጃኬቷን ወስዶ የወረቀት ቅጠል በመርፌ ቁልፍ ሰካካበትና እስከ ዛሬ ማምሻ ድረስ አልባሳት ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። የንግሥቲቱን ቦታ ያገኘችው ደግሞ የልብ ጓደኛዋ ናት። እሷን ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ራዲዮ» ነው የሚላት፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም።

መድረኩ የተሠራው ግቢው መጨረሻ ላይ፣ አጥሩ ሥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ የቀጮ አክስት የፖም እርሻ ይጀምራል። ፀሐይዋ ጠልቃለች፤ ሰማዩ ግን ገና አልጨለመም። ቀጮ በዓይኗ ጭራ ትከሻዋን አየች። ግራጫ ክንፍ፣ ጫፉ ላይ መዳብ የመሰለ ቡናማ ነጥብ። አወቀቻቸው። ፖም ውስጥ ገብቶ የሚበላው ትል ክንፍ ሲያወጣ የሚሆነው ይህንኑ ነው፤ ለመብረር የሚወዳትም ሰዓት ይቺው ናት።

የገረማት ግን መብራቱን አልፈው መምጣታቸው ነው። ትልቁ የመድረክ መብራት አጠገቧ ቦግ ብሎ እያለ ዞር ብለው አላዩትም። ሁሉም የሚሻሙት የጃኬቷን የቀኝ ኪስ ነበር። ቀጮ ያን ኪስ ማን ሲጠቀምበት እንደነበር ትዝ አላት።

ባለፈው ዓመት አክስቷ ከእነዚያ ዛፎች ለዓይን የሚያሳሳ ፖም ለቅማ ነበር። ሲቆረጥ ግን መሐሉ ተቦርቡሮ የትል ኩስ ብቻ ተከምሮበታል። አብዛኛው ለከብት ቀለብ ሆነ። አክስቷ «ትሎቹ ከእኔ የተሻለ በልተው ከርመዋል» ብላ ብትስቅም ሳቋ ብዙ አልሄደም። «ዘንድሮም እንዲህ ካደረጉኝ ዛፎቹን አስቆርጣቸዋለሁ» አለች። ቀጮ ግን መራመድ የተማረችው በእነዚያ ዛፎች መሐል ነው።

ዘንድሮ አክስቷ ወጥመድ ገዛች። የወረቀት ድንኳን የሚመስሉ፣ ወለላቸው ማጣበቂያ የተቀባ ትንንሽ ቤቶች ናቸው። ጣሪያቸው ላይ የሴቷ የእሳት እራት ሽታ የተነከረበት ሚጢጢ ጎማ ይንጠለጠላል። ሽታው ለሰው አፍንጫ ምንም አይደለም፤ ለወንዶቹ ግን ቀልብ ያስታል።

«ሙሽራ የሌለችበት ሰርግ በሉት» አለች አክስቷ ለሁለቱ ጓደኛሞች ስታስረዳ። «ወንዶቹን ሽታው ይጠራቸዋል፤ ይመጡና ወለሉ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። የመጀመሪያው ከተያዘበት ዕለት ጀምሬ ቀን እቆጥራለሁ። ሴቶቹ እንቁላል ጥለው፣ ትሉ ተፈልፍሎ፣ ፖሙን ሳይበሳ ከደረስንበት ደረስንበት። አንዴ ገብቶ በሩን ከዘጋብን ግን ምን ብንረጭ አይሰማንም።»

«በር ይዘጋል እንዴ እትዬ?» አለች ራዲዮ። «በምን?»

«በገዛ ኩሱ!»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ራዲዮማ ለሳምንት ያህል ክፍል ውስጥ በር በተዘጋ ቁጥር ብቻዋን ትስቅ ነበር።

የአክስቷ ጉልበት መሰላል አይወድም፤ ወጥመዶቹን የሰቀሉት እነሱ ናቸው። ቀጮ መሰላሉን ያዘች፤ ራዲዮ ስለበረዳት የቀጮን ጃኬት ደርባ ወጣች። እያወራች ሰቀለች፤ እያወራች ወረደች። «ሽታውንስ አደረግሽ?» ስትባል «ጣጣውን ጨርሻለሁ!» አለች። በማግስቱ ጃኬቱ ወደ አልባሳት ሳጥን ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ወጥታ ወጥመዶቹን የምታየው ራዲዮ ነበረች፤ በየማለዳውም «ባዶ!» ትላለች።

ዛሬ ጠዋት አክስቷ በደስታ አጨበጨበች። «እንግዲህ ዘንድሮ ተርፈናል! ካልመጡ ምን አስረጨኝ? ንቦቼም ሰላም ዋሉ። የተዋስኩትን መርጫ ማሽን ነገ በማለዳ ለባለቤቱ እመልሳለሁ።» ራዲዮ ያኔ ጫማዋን ስታስር ነበር። አሁን ቀጮ ስታስበው ያን ጫማ ለማሰር በጣም ብዙ ጊዜ ፈጅቶባት ነበር።

ንግሥቲቱ እያለከለከች መጥታ ዛፉ ሥር ተቀመጠች። «አንተ ዛፍ ሆይ!» አለች በታላቅ ድምፅ። «ምስጢሬን የምነግርህ ላንተ ብቻ ነው!»

«ኪሴ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አለች ዛፉ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ራዲዮ ቀና ብላ አየች። የእሳት እራቶቹን አየች፤ ኪሱን አየች። ዘውዷ ዘመም አለ፤ ቃል የሚባል ነገር ጠፋባት።

«ቀጥይ እንጂ!» አለ መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ በሹክሹክታ።

«መንገዱ... መንገዱ ሩቅ ነበር!» አለች ራዲዮ ለሕዝቡ። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ «ሽታው እዚያ ነው እንዴ? እኔ እኮ ቤቴን ሁሉ በርብሬ አጥቼው ነው!»

«ጨርሻለሁ አላልሽኝም?»

«ስንቄም አለቀ!» ብላ ጮኸች ንግሥቲቱ፤ ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «ማታ አልጋ ላይ ነው ያለመስቀሌ ትዝ ያለኝ። ልነግራት ስሄድ እትዬ ደስ ብሏት አገኘኋት። በማግስቱም ደስ ብሏት ቆየችኝ። አፌ ተያዘ።»

«ያንቺ አፍ? ተያዘ?»

«ሙድ አትያዢብኝ፣ የምሬን ነው።»

ዛፉ ሳቀች። ሳትፈልግ ነው ያመለጣት፤ ግን ከሆዷ ነበርና ቅጠሎቿ ሁሉ ተንኮሻኮሹ። የሰፈሩባት የእሳት እራቶች ብር ብለው ተነሡ፤ ክንፋቸው መብራቱ ውስጥ ብልጭ ብልጭ አለ፤ አንድ ዙር ዞሩና ተመልሰው ሰፈሩባት። ሕዝቡ «ውይ!» አለ። አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ። መምህሩ ያዘጋጀው ጥበብ መስሏቸው ነበር። ትንንሾቹ «ዛፉ! ዛፉ!» እያሉ ወንበር ላይ ቆሙ። ቃል ያልተሰጣት ቀጮ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ደስታ ወረራት። እጇን ማውረድ ባይከለከል ኖሮ ሕዝቡን በሙሉ ባቀፈችው ነበር።

መጋረጃው ሲዘጋ መምህሩ እየሮጠ መጣ። «አይ ዛፍ! አይ ዛፍ! እንዴት አድርገሽ ነው? ቆይ፣ ፎቶ እናነሣለን፤ ካለሽበት እንዳትነቃነቂ!» ብሎ ካሜራ ፍለጋ ተመልሶ ሮጠ።

ቀጮ እጇን ኪሷ ከተተች። አንድ ጥጉ የተቀደደ ከረጢት ወጣ፤ ውስጡ እነዚያ ሚጢጢ ጎማዎች አሉ። አንዱ የእሳት እራት ወዲያው አውራ ጣቷ ላይ ወጣባት።

ራዲዮ ክንዷን ያዘች። «ቀጮዬ፣ በናትሽ ለእትዬ አትንገሪ። በእረፍቱ አብሬያት እንድሠራ ቃል ገብታልኛለች። ሰው ሁሉ ‹ይቺ ወሬ እንጂ ሥራ አታውቅም› ሲል ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት። ነገ በጠዋት ሄደን ቀስ ብለን እንሰቅለዋለን። ወንዶቹ ይያዛሉ፤ እሷም ‹ውይ፣ መጡ› ትላለች። ማን ያውቃል?»

ሐሳቡ ለአፍታ ያህል ቀጮን አጓጓት። ምን ቀላል ነገር አለ! ማንም አይቆጣ፣ ማንም አያለቅስ። ግን አክስቷ ቀን የምትቆጥረው የመጀመሪያው ከተያዘበት ዕለት ነው። እነዚህ ደግሞ ነገ አይደለም የሚመጡት፤ መጥተዋል፤ ምናልባትም ከሰነበቱ ቆይተዋል። አክስቷ ከነገ ጀምራ ስትቆጥር ትሉ በሌላ ቆጠራ ተፈልፍሎ በሩን ዘግቶ ይጠብቃታል። ያኔ ዛፎቹ ይቆረጣሉ።

በወንበሮቹ መሐል አክስቷ እያነከሰች ስትመጣ ታየቻቸው። ከሩቁ እጇን ዘርግታ «የኔ ዘንካታ!» ትላለች።

ቀጮ ከረጢቱን ንግሥቲቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። «እኔ አልነግራትም።»

ራዲዮ በረጅሙ ተነፈሰች። «አውቅ ነበር! አውቅ ነበር እኮ...»

«አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። ተናጋሪዋ አንቺ ነሽ። እኔ ዛፍ ነኝ፤ ከኋላሽ እቆማለሁ።»

ራዲዮ ከረጢቱን፣ ከዚያ ጓደኛዋን፣ ከዚያ እያነከሰች የምትመጣውን ሴት አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ብትቆጣስ?»

«ጥላዬ ሥር ትገቢያለሽ።»

«ሂጂ ወዲያ!» አለች ራዲዮ፤ እንባዋ ሳይወርድ ሳቋ ቀደመ። በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። «እሺ፣ ምን ብዬ ልጀምር? ለዚህኛው ደግሞ የተጻፈልኝ ነገር የለም።»

«ሙሽራዋ ተገኘች በያት።»

ራዲዮ ዘውዷን አቃናች። ከረጢቱን በሁለት እጇ ያዘችና የመድረኩን ደረጃ መውረድ ጀመረች። መጨረሻው ደረጃ ላይ ቆም አለችና ዞር ብላ ወደ ኋላዋ አየች።

«ዛፉ!» አለ መምህሩ ካሜራውን አንግቶ ሲመለስ። «እንዳትነቃነቂ ብዬ አልነበረም? ዛፍ አይሄድም!»

ቀጮ ቅጠሎቿን እያንኮሻኮሸች፣ የእሳት እራቶቿን እንዳስከተለች ከመድረኩ ወረደች።