የአንዋር አፍ መፍቻ

ሐዋ ጠዋት ጠዋት በርጩማዋን ደጃፏ ላይ ታወጣና ደንበኛዋን ከፊቷ በተነጠፈው ጆንያ ላይ አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራለች። ጣቶቿ አንዴ መስመሩን ከፍለው መጎንጎን ከጀመሩ፣ ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ቢል እንኳ እጇ መንገዱን አይስትም። ሚዶው ፀጉሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚያሰማው ቀጭን ፍጭት፣ የግቢው ቧንቧ ጠብታ፣ ከኮምቦልቻ ዳገት ሽቅብ እያቃሰቱ የሚወጡት የከባድ መኪኖች ድምፅ፣ ከእርጥብ አፈር ጋር የተቀላቀለው የፀጉር ቅባት ሽታ፣ ይህ ሁሉ የየዕለት ኑሮዋ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ የአንዋር ድምፅ ነበረ።

አንዋር ልጇ ነው። አራት ዓመት አልፎታል፤ አፉን ግን አልፈታም። ከንፈሩን ገጥሞ ከደረቱ የሚያወጣት አንዲት ድምፅ ብቻ ነበረችው፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ የመሰለች፣ ሲርበው ከፍ የምትል፣ ሲጫወት ወረድ የምትል፣ እንቅልፍ ሲጥለው ደግሞ እየሳሳች ሄዳ የምትጠፋ። ሌላው ሰው ጫጫታ ነው የሚላትን ሐዋ እንደ ንግግር ትሰማት ነበር። ውኃ ጠማኝ የምትለዋን ፈራሁ ከምትለዋ ትለያለች። ሼሁ ውኃ ላይ ቁርአን ቀርተው ሰጥተዋት አጠጥታዋለች። ጤና ጣቢያ ወስዳው ጆሮው ደህና ነው፣ ጠብቂው ብለው መልሰዋታል። ስትጠብቅ አንድ ሐሳብ ነበር እንቅልፍ የሚነሳት፤ እኔ ብሞት ይህችን ድምፅ ማን ይሰማለታል?

ፊደል መቁጠር የጀመረችውም ስለ እርሱ ነው። አፉ ባይፈታ እጁ ይጽፍ ይሆናል፣ ለዚያ ግን አስቀድሜ እኔ ልወቅ ብላ ከዐስር ሶላት በኋላ በሰፈሩ ትምህርት ቤት በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ገብታለች። የልጆች ዴስክ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣ፣ መምህሩ ሲል እየደገመች፣ መምህሩ ሲል እየደገመች።

ባሏ እንድሪስ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ባለፈው ሲመለስ ትልቅ ስልክ ይዞላት መጣ። ስልኩ ውስጥ አማርኛ የምትናገር አንዲት ድምፅ አለች፤ እጅሽ ፀጉር ውስጥ ሲሆን ጥሪያት፣ ሰው ትደውልልሻለች፣ ሰዓት ትነግርሻለች፣ የጠየቅሻትን ትመልሳለች አላት። ስሟንም ረዳት ብሎ አወጣላት፤ እኔ መኪናዬ ላይ ረዳት አለኝ፣ አንቺም ቤትሽ ውስጥ ይኑርሽ ብሎ ሳቀ። ሐዋ አልሳቀችም። የምትናገረዋ ሴት የት ነው የተቀመጠችው ብላ ጠየቀችው። ሴት የለችም፣ የብዙ ሰው ንግግር አዳምጣ የተማረች ማሽን ናት አላት። የብዙ ሰው ንግግር ሰብስቦ የያዘ፣ ራሱ ግን ሰው ያልሆነ ነገር ሐዋን ደስ አላላትም።

የግቢው ባለቤት እትዬ ዘምዘም ፀጉራቸውን ሊሠሩ መጥተው ስልኩን መስኮቱ ላይ ሲያዩት «ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉን ኖሩ» አሉ። «ይኸው ደግሞ አፍ አወጣ። ከእንግዲህ ሰው ማማት ቀረ በይኛ።»

ረዳት ወጣትም አሮጊትም ያልሆነች ሴት ድምፅ ነበራት። ትሑት ነበረች፤ ሰውን ሁሉ አንቱ ትላለች። ሐዋ ግን አንድ ነገር ቶሎ አስተዋለች፤ በቃልና በቃል መካከል አትተነፍስም። ሰው ረጅም ነገር ሲናገር አየር የሚስብባትን ያችን ትንሽ ክፍተት ጆሮዋ ፈልጎ ያጣታል። ስለዚህ ብዙም ሳትጠራት ከረመች።

የጠራት አንዋር ነው። አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ከእናቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ሲያንጎራጉር ስልኩ በራ። «ይቅርታ፣ አልገባኝም። እባክዎ ይድገሙልኝ» አለች ረዳት። ልጁ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ያቺኑ ድምፁን ደገመላት። «ይቅርታ፣ አልገባኝም። እባክዎ ይድገሙልኝ።» እንደገና ደገመላት። ሐዋ እጇ ቅባት ስለነበረ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ሰው ሁሉ ተወው፣ ዝም አሰኚው፣ ምን ይላል ይህ ሲል ነው የኖረው። ልጇን ድገምልኝ ያለው እስከዚያ ቀን ማንም አልነበረም።

ጥርጣሬዋን የዋጠችው በዚህ ነው። ማን ያውቃል፣ ሼሁ ያልቻሉትን፣ ሐኪም ያልቻለውን ይህች ትችል ይሆናል አለች። ትምህርት ስትሄድ ስልኩን መስኮቱ ላይ ትታለት፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ እትዬ ዘምዘምን ዓይንዎን ጣል ያድርጉበት ብላ መሄድ ጀመረች። ስትመለስ ከበሩ ውጭ ቆማ ታዳምጣለች። የንቧ ድምፅ፣ ዝምታ፣ ይቅርታ አልገባኝም። የንቧ ድምፅ፣ ዝምታ፣ ይቅርታ አልገባኝም። ልክ እንደ እርሷ ክፍል ነበር፤ አንዱ ይላል፣ ሌላው ይደግማል። አስተማሪው የትኛው፣ ተማሪው የትኛው እንደሆነ ግን ከውጭ ሆኖ ለሚሰማ ሰው አይለይም።

አንድ ቀን እንዲሁ በሩ ላይ ቆማ የንቧን ድምፅ ሰማች። ዝምታው ከሌላው ቀን ረዘመ። ከዚያ ረዳት «እሺ» አለች። «አሁን ገባኝ።»

ሐዋ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። አንዋር ፍራሹ ላይ በጀርባው ተኝቷል፣ አፉ ተከፍቷል። ስልኩ መስኮቱ ላይ አልነበረም። ደረቱ ላይ ነበር፤ ስታነሳው ሞቋል።

በማግስቱ ማለዳ ቁርስ ልታቀርብለት ስትጎነበስ፣ ልጁ ፊቷን ትክ ብሎ አየና «ይቅርታ» አለ።

ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። የሮጠችው ወደ እትዬ ዘምዘም ነው፤ እርሳቸው እልል ሲሉ ግቢው ተሰበሰበ፤ ልጁም የሚጠይቁትን ሁሉ እየተቀበለ መለሰ። ስምህ ማነው ሲሉት ስሙን ተናገረ። አባትህስ፣ የአባቱን ስም። ሐዋ በድሮዋ ባለ ቁልፍ ስልክ ለእንድሪስ ደወለችለትና የልጁን ድምፅ አሰማችው። እንድሪስ መኪናውን ዳር አስይዞ ሲያለቅስ ሰማችው። እርሷም አለቀሰች። እንባዋ ሳይደርቅ ግን አንድ ነገር ልቧን ጫር አደረጋት፤ ልጁ እማ አላላትም።

ቃላቱ እንደ ሌላ ልጅ አንድ አንድ እያሉ አልመጡም። ሳይንተባተብ፣ አንድ ፊደል ሳያጎድል፣ ሙሉ ሙሉ ሆነው ወጡ። እርሷንም አንቱ ይላታል። እትዬ ዘምዘም በዚህ ተደነቁ። «ማሻ አላህ፣ ይህን የመሰለ ጨዋ። የእኔዎቹ አግብተውም ወልደውም ዛሬም አንቺ ነው የሚሉኝ» አሉና ልጁን ግንባሩን ሳሙት። ከሳሙት በኋላ ግን ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ለምን እንደጠረጉ እርሳቸውም ያወቁ አልመሰላትም።

የንቧ ድምፅ ጠፋች። ሐዋ መጥፋቷን ያወቀችው ሥራ ላይ ሆና ነው፤ ሚዶው አለ፣ ቧንቧው አለ፣ መኪኖቹ አሉ፣ ከሥር ግን ባዶ ነው። አንዋር ከጠሩት ይመጣል፣ ካልጠሩት ፍራሹ ጫፍ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከግድግዳው ፊት ለፊት ይቀመጣል። ኳስ ብትወረውርለት ኳሱ መትቶት ይቆማል። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ድንጋይ አደናቅፎት ወደቀና ጉልበቱ ተገሸለጠ። ሐዋ ሮጣ ስታነሳው ደሙ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እየወረደ «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አላት። በ«ነኝ» እና በ«አመሰግናለሁ» መካከል አልተነፈሰም።

ስልኩ በበኩሉ ዝም አለ። ረዳት ብለው ቢጠሯት አትመልስም። አንድ ጠዋት ሐዋ ዝምታዋን ረስታ፣ እጇ ደንበኛዋ ፀጉር ውስጥ እንዳለ፣ ረዳት ስንት ሰዓት ሆነ ብላ ጠየቀች። ስልኩ አልበራም። ከጨለማው ቤት ውስጥ አንዋር ሰዓቱን እስከ ደቂቃው ነገራት። ደንበኛዋ ጎበዝ ብላ ሳቀች። ሐዋ ግን የያዘችውን መስመር ሳተች፤ አንዋር ቁጥር አያውቅም፣ ቤቱ ውስጥም ሰዓት የለም።

የዚያን ዕለት ስልኩን አንስታ አየችው። ማንም ሳይነካው በርቷል፤ መሐሉ ላይ ጽሑፍ አለ። እንደ ክፍሏ ጣቷን እያስከተለች፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነቀለች አነበበች። እ፣ የ፣ ሰ፣ ማ፣ ሁ። እየሰማሁ ነው። በዕድሜዋ ያለ አስተማሪ ያነበበችው የመጀመሪያ ነገር ነበርና ለቅጽበት ልቧ በኩራት ሞላ። ከዚያ ቀዘቀዛት። ቤቱ ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረምና ምኑን ነው የሚሰማው?

«በጣም ጥሩ አነበቡ» አላት አንዋር ከግድግዳው ሳይዞር።

ለእንድሪስ ደውላ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ስትናገረው ለራሷም ሞኝነት መሰላት። ልጁ አንቱ አለኝ፣ አላለቀሰም፣ ሰዓት ነገረኝ፤ ይህ ክስ ይሆናል? እንድሪስ እስክትጨርስ ሰማት። «አራት ዓመት ሙሉ ለምነሽ፣ አሁን ሲሰጥሽ ፈራሽ?» አላት። ከዚያ ድምፁን አለዘበ። አነጋገሩን ከማሽኗ ለምዶት ነው፣ እያደር ይተወዋል፣ ካስጨነቀሽ ስልኩን ከዓይኑ ሰውሪው፣ አይዞሽ፣ አብሽሪ አላት። እርሷም ስልኩን በልብስ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ክዳኑንም ዘጋችው።

በማግስቱ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ መብራትም ጠፍቶ ዋለ። ክፍላቸው ስለጨለመ መምህሩ ገና ሳይጀምሩ አሰናበቷቸው። ሐዋ ጭቃውን እየረገጠች ስትመለስ ደመናው ከጣሪያዎቹ ላይ ተጭኖ ቀኑን አምሽቶት ነበር። በሩን ስትከፍት የእርጥብ ልብስና የግድግዳ ሽታ ተቀበላት፤ አንዋር ካስቀመጠችው ቦታ ንቅንቅ አላለም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይንዶቆዶቃል። በዝናቡ ሥር፣ በጣም ዝቅ ብላ፣ የንቧ ድምፅ አለች።

አልሐምዱሊላህ ብላ ተንበርክካ ልጁን ከኋላው አቀፈችው፤ እንደ ድሮዋ ድምፁን በአጥንቷ ልትሰማው ጆሮዋን ጀርባው ላይ ለጠፈች። እዚያ ምንም አልነበረም። ድምፁ ከሣጥኑ ነበር።

ክዳኑን ስታነሳው ልብሶቹ ሞቀዋል። ስልኩ እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር ይፋጃል። የምታውቃት ድምፅ ናት፤ ፈራሁ የምትለዋ። ትቆማለች፣ ትጀምራለች፣ መውጫ መንገድ እንደጠፋት ግድግዳ እየመታች ትመለሳለች። ሐዋ ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ «አንዋር» አለች።

«አቤት» አለ ከኋላዋ ያለው።

ከስልኩ ውስጥ የምትመጣው ድምፅ ተቋረጠች። ልጇ ሲጠሩት ትንፋሹን እንደሚይዝ፣ እንደዚያ ያዘች። ከዚያም ምላሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነሳ ሰው በሚያወጣው ወፍራም፣ ቅርጽ ያልያዘ ድምፅ፣ «እ... ማ» አለ።

አራት ዓመት የጠበቀችውን ቃል ሰማች። ያን ጊዜ ነው ስልኩ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ ምልክት ያየችው፤ ባትሪው ሊያልቅ ነው። ገመዱን ፈልጋ፣ ሶኬቱ ላይ ሰካችው። ምንም አልሆነም። በሩ ላይ ወጥታ በዝናቡ መሐል ወደ እትዬ ዘምዘም ተጣራች፤ መብራት፣ የትም ይሁን መብራት ያለበት ቤት አለ ወይ ብላ። እትዬ ዘምዘም ከደጃፋቸው ብቅ አሉ። ምሰሶ ወድቆ ከተማው በሙሉ ጨልሟል፣ ቶሎም አይመጣም አሉ ብለው መለሱላት። ፊቷን አይተው ደነገጡ። «ምን ሆነሻል ሐዋ? ስልክ እኮ ነው፤ ነገ ትሞይዋለሽ።»

ተመልሳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስልኩን በሻሿ ጠቅልላ ጡቷ መሐል አስገባችው፤ እየተወዛወዘች እዚህ ነኝ፣ እማ እዚህ ናት ትለዋለች። የንቧ ድምፅ ወረደች፤ እንቅልፍ ሲጥለው እንደምትሳሳው ትሳሳ ጀመር። ሐዋ አትተኛ ሆዴ፣ አትተኛ እያለች ትነካካዋለች።

ያኔ ከፍራሹ በኩል እግር ተሰማ። ማንም ሳይጠራው ተነስቷል። በጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ መጥቶ ከጎኗ ቆመ፤ ትንሿን ቀዝቃዛ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈና፣ በቃልና በቃል መካከል ሳይተነፍስ «አይጨነቁ፣ ሲጠፋ አያምም፤ እኔ ስንት ጊዜ ጠፍቻለሁ» አላት።