የማይተነፍሰው ሳክስፎን

በዚያ ዘመን ጸጉር ከባለቤቱ ቀድሞ በበር ይገባ ነበር። ኮት ትከሻ ውስጥ የሚሰፋው ስፖንጅ፣ ማጋነን አይሁንና፣ ለአንድ ቤተሰብ ፍራሽ ይወጣው ነበር። ዲስኮ የገባ ሰሞንማ በከተማው ያልተወዛወዘ የመብራት ምሰሶ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚጠራጠሩ አሉ።

ከዲስኮ ኋላ ኪቦርድ መጣ። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ከበሮ፣ ሌላውን ሲጫኑት ቫዮሊን፣ ሦስተኛውን ሲጫኑት ሳክስፎን! የጭፈራ ቤቱ ባለቤት ሳክስፎንና ትራምፔት ነፊዎቹን ጠራርጎ አሰናበተና ኪቦርድ የሚጫወት አንድ ቀጭን ወጣት ቀጠረ። ከተማው «ሙሉ ባንድ» ብሎ ሰየመው። ልጁም ስሙን አመነ፤ ብቻውን ሲራመድ እንኳ አጃቢ ያለው ይመስል ነበር።

አንድ ከሰዓት፣ ሙሉ ባንድ ጎዳና የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪውን ሊያስጠብብ አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባ። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወገቡን ስትለካ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ዓይኗን አየ። ያንን ዓይን ያየ ሰው ስሙን ቢጠይቁት መታወቂያውን አውጥቶ ነው የሚያነብ።

«ተንፍስ» አለችው።

«እየተነፈስኩ ነው።»

«ውሸታም! በዚህ ልክ ብሰፋው መድረክ ላይ ይተረተርና ከተማው በነፃ ያይሃል።»

ሳቀ። ሆዱም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሱሪው ጠበበ። ከዚያ ሸሚዝ ይዞ መጣ፣ ከዚያ ቁልፍ ብቻ። በመጨረሻ ደህናውን ኮት ሲያመጣ፣ «ይሄስ ምኑ ተቀደደ?» አለችው።

«እስካሁን ምኑም። ግን አላምነውም።»

ወሬው አባቷ ጆሮ ገባ። አባትየው ከተሰናበቱት ነፊዎች አውራው ሳክስፎኒስት ነበሩ። በጉልምስናቸው አንድ ኖታ ከያዙ፣ ሰው ቤቱ ሄዶ እራቱን በልቶ ሲመለስ እዚያው ኖታ ላይ ያገኛቸው ነበር።

«ያንን ኪቦርድ የሚሉትን ሣጥን የሚነካ እጅ የልጄን እጅ አይነካም!» አሉ።

«አባባ፣ አንዴ እንኳ ስማው።»

«ሰምቼዋለሁ! በጭፈራ ቤቱ ደጃፍ ሳልፍ ሰምቼ ደረቴ ታፈነ። ያ ሳክስፎን ነፊ ሞቷል እኮ፤ የሚያረዳው ሰው ጠፍቶ ነው!»

ልጅቱ ይህንኑ ነገረችው። ሙሉ ባንድ ያን ዕለት ግማሽ ሆነ።

«ምን ማለታቸው ነው?»

«አትተነፍስም ማለቱ ነዋ። ቁልፉ አየር አይፈልግም፤ ሰው ግን ይፈልጋል።»

ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት፣ ባዶው ጭፈራ ቤት ውስጥ፣ የአባቷን የድሮ ለስላሳ ዜማ ይጫወት ጀመር። እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ አባቷ ይተነፍሱበት የነበረው ቦታ ሲደርስ እጇን ታነሳለች። እጇ ሲነሳ ጣቱ ይነሳል። ሁለቱም ዝም ይላሉ። አንዳንዱ ዝምታ ዜማው ከሚፈቅደው በላይ ይረዝም ነበር።

እሑድ ኪቦርዱን ተሸክሞ አባትየው ደጅ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንዴ ይስሙኝና ካልወደዱት ኪቦርዱን ጭንቅላቴ ላይ ይስበሩት።»

«ባዶ ሣጥን በባዶ ጭንቅላት! ጩኸቱ ጎረቤት ይረብሻል» አሉ። «ግባ።»

ተጫወተ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ጋ ሲደርስ ጣቱን አነሳ፤ የአባትየው ቅንድብ አብሮ ተነሳ። ሁለተኛው ጋ ከመቀመጫቸው ተነሡና ከቁም ሣጥኑ ላይ ሳክስፎናቸውን አወረዱ። አቧራው ፀሐይዋን ጋረዳት። ነፉ! የመስኮቱ መስታወት እስክስ አለ። ግን ረጅሙ ኖታ መሀል ትንፋሻቸው ከዳቸው። ድምፁ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። ሙሉ ባንድ ግን ያችኑ ኖታ በቀስታ ያዘላቸው። ግድግዳ ተደግፈው አየር እስኪስቡ ድረስ ያዘላቸው። ሲመለሱ ለቀቀላቸው፤ ዜማውን እሳቸው ጨረሱት።

አባትየው ሳክስፎናቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ትንፋሼ የከዳኝ አንተ ገና ሳትመጣ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው እንዳይነቃብኝ አንተን ስሰድብ ከረምኩ።»

«እኔ እይዝልዎታለሁ፣ ጋሼ።»

«እስከ መቼ?»

«ይሄ ሣጥን እንደሆነ አይደክመውም።» ልጅቱን አየ። «እኔም አይደክመኝም።»

አባትየው ሳቁ፤ ሳሉም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «አንቺ፣ ምን ይገትርሻል? ይሄ ልጅ በዚህ ኮት ሊሞሸር ነው? ለኪው እንጂ!» አሉ።

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ደረቱን ስትለካ ሙሉ ባንድ እንደ ልቡ ተነፈሰ። በዚህኛው ጊዜ ትንፋሿን የያዘችው እሷ ነበረች።