ሦስት መቶ የሐሰት መንገዶች

አሁን ይቺ ልጅ ብትያዝ ማን አለሁ ይላታል?

ቡታጅራ መናኸሪያ በር ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣለች። ቁርስ አልቀመሰችም። የቢሮውን ምስጢር የቀዳችበት ፍላሽ ፌስታሉ ውስጥ፣ ከዳቦው ሥር ነው።

አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ለአታት መኪና አለ?» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«የአታቱ ሞልቷል። የእምድብር ይሻላል።»

ምልክቱ ልክ ነው። ሰውየው «ቀርቀሃ» ነው፤ ወልቂጤ ተቀምጦ ለስለላ ያሰማራት አለቃዋ። እሷን «ሰሌን» ይላታል። ሠራተኛ መስላ የምትሰልለው ቢሮ የሚያውቃት ባሂራ ብሎ ነው። እውነተኛ ስሟ መሕቡባ መሆኑን ከቀርቀሃ በቀር የሚያውቅ የለም።

ፌስታሉን ተቀበላት።

«ሌላ ግልባጭ አለ?»

«የለም።»

«ምንም?»

«የለም አልኩህ።»

ሁለቴ ጠየቀ። አንዴ ይበቃ ነበር። እንኳንም ዋሸችው።

ቢሮው ከቆርቆሮ መሸጫው በላይ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ የሚሠራውን ለመናገርም ይቀፋል። ባለቤቱ ሀቢቡ ከምን እንደተፈጨ የማይታወቅ ዱቄት «የኩላሊት መድኃኒት» ብሎ በድረ ገጽ ይሸጣል። የጨነቀው በሽተኛ ጉግል ላይ መድኃኒት ሲፈልግ የሀቢቡ ገጽ ቀድሞ እንዲመጣ፣ ሦስት መቶ ሌሎች ድረ ገጾች ወደሱ እንዲጠቁሙ አድርጓል። ሊንክ ይሉታል።

«ጉግል እንደ አገር ሽማግሌ ነው» ይላል ሀቢቡ ጥርሱን እየጎረጎረ። «ምስክር የበዛለትን ያስቀድማል። እኛ ምስክር እናመርታለን።»

ምስክሮቹ ባለቤት ያጡ የእድርና የመንደር ልማት ማኅበር ድረ ገጾች ናቸው። አገር ቤት ሰው ሲሞት አዲስ አበባ ያለው ዘመድ እንዲሰማ የሐዘን ማስታወቂያ ይወጣባቸው ነበር። አሁን በሟቹ ፎቶ ሥር፣ «በሕመም» በሚለው ቃል ላይ፣ የዱቄቱ መሸጫ ተለጥፏል። ገጹ ትኩስ እንዲመስል ሟች ሲጠፋ ሟች ይፈጥራሉ። ባለፈው ወር ጥያ አጠገብ አንድ ጤነኛ ገበሬ ደጅ ላይ ሁለት ሚኒባስ አልቃሽ ወረደበት። ሰውየው በሩን ከፍቶ «ማን ሞተ?» አለ። ቢሮው ሲስቅ ዋለ።

መሕቡባም አብራ ሳቀች። ሥራዋ ነውና። ማታ አፏን በሳሙና ታጠበች።

ከመናኸሪያ ስትመለስ ሀቢቡ ወንበሯ አጠገብ ቆሟል።

«ነይ ባሂራ። አንዲት ሟች አለችሽ፤ ድረ ገጹ ላይ ጫኛት።»

ገጹን ከፈተች።

ፎቶው የሷ ነው።

መሕቡባ በሕመም፣ በሕክምና ላይ ሳለች አርፋ ቀብሯ አዲስ አበባ ተፈጽሟል፤ ለቅሶው ቸሃ፣ በእናቷ በወይዘሮ ሀሊሜ ቤት ነው ይላል።

ቀርቀሃ ሸጧታል።

«አንቺን አትመስልም?» አለ ሀቢቡ።

«ሰው ከሰው ይመሳሰላል፣ ጋሽ ሀቢቡ።»

«እናቷ ደም ግፊት አለባቸው አሉ። አንድ ግልባጭ የያዘ ሰው ግልባጩን ቢያመጣልኝ ማስታወቂያው ይቀር ነበር።»

«የምን ግልባጭ?»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? ጫኛ።»

ግልባጩ እዚያው፣ በሀቢቡ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ነበር። ትናንት ስውር ገጽ ከፍታ የሦስት መቶውን የሐሰት ምስክር ዝርዝር አስቀምጣበታለች። ሀቢቡ የደበቀውን የዱቄቱን ምርመራ ውጤትም ጨምራለች። ዱቄቱ ኩላሊት ይገድላል ይላል። ሊንክ የሌለው ገጽ ግን መንገድ እንደሌለው ቤት ነው፤ ማንም አይደርስበትም።

የሀቢቡ ስልክ ጮኸ። ወደ መስኮቱ ዞረ።

እናቷን አሰበች። ዱቄቱን የሚውጡትም እናት አላቸው።

«በሕመም» ከሚለው ቃል ላይ የዱቄቱን መሸጫ አንሥታ የስውሩን ገጽ ሊንክ አስገባች።

ጫነችው።

ሦስት መቶዎቹ ድረ ገጾች እንደተለመደው በራሳቸው ወደ አዲሷ ሟች መጠቆም ጀመሩ።

«ውሃ ልግዛ» ብላ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ትታ ወጣች። አልተመለሰችም።

የሞት ወሬ ሰምቶ ለዘመድ ሳያደርስ የሚያድር የአገሯ ሰው የለም። ማስታወቂያው ከአታት እስከ መርካቶ ከስልክ ስልክ ዞረ። «በሕመም» የሚለውን ቃል የነካ ሁሉ ዝርዝሩ ላይ አረፈ። በሦስተኛው ቀን የኩላሊት መድኃኒት የፈለገ ሰው ቀድሞ የሚያገኘው የሀቢቡን ጉድ ሆነ። ፖሊስ ቢሮውን አሸገ፤ ሀቢቡም ታሰረ።

የቀርቀሃ ስም ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ ክህደቱን የምታጋልጥበት መሕቡባ ናት።

በዚያው ቀን ቸሃ ለቅሶ ቤት ከወንዶቹ መካከል በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ልጅ እናቷን በውሸት ሐዘን እንደማትተዋት ያውቃል። «እኔ ነኝ» እስክትል ይጠብቃል። ይዟት የሚሄድበት መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ውጭ ቆሟል።

መሕቡባ ከእምድብር ከመጡ ሴቶች ጋር ፊቷን በሻሽ ሸፍና ገባች።

ዓይኑ አረፈባት።

ከሴቶቹ ጋር ደረቷን እየደቃች አለፈች።

«መድኃኒቷንም እምቢ አለች» ትላለች የሀሊሜ ጎረቤት ከድጄ። «ለማን ብዬ ትለኛለች።»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች» አለቻት ሌላዋ።

መሕቡባ እናቷ ፊት ተንበርክካ እንደ አስተዛዛኝ ሁሉ እጇን ያዘች። ግማሽ ኪኒን መዳፏ ላይ አኖረች። ሀሊሜ ሁልጊዜ ግማሽ ነው የምትውጠው። ከልጅነቷ ጀምሮ በጥፍሯ እየከፈለች ስትሰጣት የኖረችው መሕቡባ ናት።

ሀሊሜ የኪኒኑን ሸካራ ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

ለቅሶዋ ተቋረጠ።

ቀርቀሃ ቀና አለ።

ሀሊሜ ኪኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ሸሽጋ አፏ ውስጥ አደረገችና፣ ከሦስቱም ቀን በባሰ ድምፅ ደረቷን ትደቃ ጀመር። «ልጄ፣ አፈር ውስጥ ማን አለሽ» እያለች። ሴቶቹ ሁሉ ተነሥተው ከበቧት፤ ቤቱ ተናወጠ። እናት ልጇ በሕይወት እንዳለች እያወቀች እንዲህ ታለቅሳለች ብሎ ማን ያስባል? ቀርቀሃ ፊቱን መለሰ።

መሕቡባ የሚለው ስም እዚያ ቤት ቀረ። እሷ ሻሿን ዝቅ አድርጋ፣ በእናቷ ጩኸት መሐል «እኔ ነኝ» ሳትል ወጣች።