ኮፍያው ካለ እጅ የለም

ሟቹ የተገኘው በራሱ ወርክሾፕ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ነው። ካቻቪቴው ከእጁ አንድ ክንድ ርቆ ወድቋል። ከፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ ክዳኑ ያልተገጠመለት አዲስ ሶኬት ሁለት ሽቦዎቹን አውጥቶ ቀርቷል።

ሰፈሩ «ጋሽ ብሎን» ይለው ነበር። ሠላሳ ዓመት የስልክ መስመር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ በግቢው ጥግ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ወርክሾፕ አደረጋት። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ የተቃጠለ ካውያ፣ ድምፁ የተዘጋ ሬዲዮና የሚያነክስ ወንበር ሁሉ መድረሻው እዚያ ሆነ። «የተበላሸ ካጣ ደህናውን አበላሽቶ ይጠግናል» ብለው ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ብሎኖቹ በየመጠናቸው ተለይተው በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ተቀምጠዋል። በየብልቃጡ ላይ ቁጥሩን የጻፈችው ሚስቱ ናት፤ ነርስ ሆና ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት በመሆኗ ጽሑፏ የመድኃኒት ትእዛዝ ይመስላል።

ለልጇም ለባሏ ወንድምም «ልቡ ነው» ያለችው እሷው ነበረች። ነርስ ተናግራ ማን ይጠራጠራል? ሐኪሙ ግን በሬሳው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ላይ ጥቃቅን የቃጠሎ ነጥቦች አየና ለፖሊስ ደወለ። የተላከው ሃምሳ አለቃ በማግስቱ ሲመጣ ሴትየዋ ወደ ጓዳ ወስዳ በሹክሹክታ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት። ለልጄ ግን እንዳትነግራት። ቀብሩ ይለፍና በእግሬ እመጣለሁ» አለችው።

መርማሪዋ የተጠራችው ያኔ ነው። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። የቤቷን አምፖል እንኳ የሚቀይርላት ጎረቤት ነው። ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ሰው «ራበኝ» ቢላት «ለምን?» ትላለች ብለው ያሟታል።

«አምናለች እኮ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ምን ቀረን?»

«ለምን ገደለችው?»

«ተጣላን ብላለች።»

«በምን ተጣሉ?»

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን ገልበጥ መለስ አደረገ። በምን እንደተጣሉ የትም አልተጻፈም።

ቀብሩ ባለፈ ማግስት ጠዋት ሁለቱ ወደ ቤቱ ሄዱ። የቤቱ ዋና ማብሪያ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያለ አሮጌ የብረት ሣጥን ነው። መብራት ሲጠፋ እጀታው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲበራ ከሣጥኑ ጋር ይለጠፋል። ከሣጥኑ አጠገብ ሚስማር ላይ ዘይት የጠገበ፣ ጫፉ የተበጣጠሰ ግራጫ ኮፍያ ተሰቅሏል። ከሥሩ ወንበር ላይ የቀን መቁጠሪያ ተጋድሟል።

«ይህ ኮፍያ ምንድን ነው፣ እትዬ?» አለች መርማሪዋ።

«የቤታችን ሕግ ነው» አለች ሚስትየዋ። «ሽቦ ሲነካካ መብራቱን ያጠፋና ኮፍያውን እጀታው ላይ ያንጠለጥላል። ኮፍያው ካለ እጅ የለም፤ ማንም አይነካም። ኮፍያው ከሌለ ጨርሷል ማለት ነው። ልጃችን ገና አፏን ስትፈታ ነው ይህን የተማረችው።»

«የዚያን ቀንስ?»

«ነበረ። እያየሁት አበራሁት። ንዴት ነው።»

«ኮፍያውን ከእጀታው አንስተው?»

«አንስቼ።»

«ከዚያ ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት?»

«አዎ።»

«የቀን መቁጠሪያውን አውርደው?»

 የሴትየዋ ጣቶች የነጠላዋን ጫፍ ሲጠቀልሉ መርማሪዋ አየች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ነገር ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያው እስከ ግማሽ ውሃ እንደያዘ ሶኬቱ ላይ ነው። አጠገቡ ትሪ ላይ ሁለት ኩባያ አለ፤ የአንደኛው እጀታ ተሰብሮ በማጣበቂያ ተለጥፏል። ለቀብር የመጡ ሴቶች ቤቱን ሁሉ ሲያጥቡ ሚስትየዋ ያቺን ትሪ አላስነካ ብላ ነበር። መርማሪዋ ኮፍያውን ከሚስማሩ አወረደች። መሐሉ ላይ ለሁለት ታጥፎ የቆየ ነገር የሚተወው መስመር አለ። ከውስጥ በኩል ነጭ የጠመኔ ምልክት፣ በመርፌ ቁልፍም የተያዘች፣ «58» የሚል ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት አገኘች። ምንም ሳትናገር መልሳ ሰቀለችው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ታክሲ ነጂ ነው። ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል።

«ከወንድምዎ ጋር ተኳርፋችሁ ነበር ይባላል።»

«በእናታችን የሸክላ ማጫወቻ» አለ። «እኔ ዘንድ ይሁን አልኩ፣ እሱ 'ታበላሸዋለህ' አለኝ። ስምንት ወር አልተነጋገርንም። በሸክላ ማጫወቻ!» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ኤሌክትሪክ ሲነካ ጠንቃቃ ነበር?»

«እሱ? በላጤነቱ ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ሳይከት ሽቦ አይነካም ነበር። እትዬን ካገባ በኋላ ተወው። 'ኧረ ፊውዙን ንቀል' ስለው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ያኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ አሁን ሰው አለኝ' አለኝ። ያቺን ኮፍያ የጀመሯት ያኔ ነው።»

መርማሪዋ ይህን ስትሰማ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። የቆሸሸ ነገር አልነበረውም።

ጎረቤቱ አናጢ ደግሞ ገና ሳይጠየቅ ጀመረ። «መሰርሰሪያውን ሁለት ወር አቆይቼበት ተቀይሞኝ ነበር፤ ግን በመሰርሰሪያ ሰው አይገደልም! ማለቴ፣ ይገደላል፣ እኔ ግን...»

«የመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ያን ቀን ምሳ ሰዓት። እዚህ ፀሐይ ላይ ባዶ ራሱን ተቀምጦ ነበር። 'ሥራ ጨረስክ?' ስለው 'ኧረ የት! ሽቦዎቹን ገልጬ ትቻቸዋለሁ፤ ወገቤን አሳርፌ እመለሳለሁ' አለኝ። ወዲያው ልጅቱ ከቤት ወጣች። ግንባሩን ሳመችውና ቦርሳዋን አንግታ እየሮጠች ሄደች። እሱም ተነስቶ ወደ ወርክሾፑ ገባ።»

«ሚስቱስ?»

«ቆይታ መጣች። ከውጭ ስትገባ ታንጎራጉር ነበር።»

ልጅቱ የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ዐይኗ በለቅሶ አብጧል። «ለልብ ሕመምም መርማሪ ይመጣል እንዴ?» አለች።

«ለወረቀት ነው፣ እህቴ። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ቤት መጥተሽ ነበር?»

«አንድ ነገር ልወስድ። ለአባዬ ያሰብኩለት ስጦታ ነበር። አልደረሰም» አለች። «ስልክ ሲደወልልኝ እየሮጥኩ መጣሁ። እዚህ ደጃፍ ላይ ወደቅኩ። እማዬ ናት ከቦርሳዬ መሐረብ አውጥታ ፊቴን የጠረገችልኝ። ራሷ ሳታለቅስ እኔን ታባብላለች።»

መርማሪዋ ከዚህ ወዲያ ምንም አልጠየቀቻትም። ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋችና ከኮፍያው የነቀለቻትን መርፌ ቁልፍ ሚስትየዋ መዳፍ ላይ አኖረችላት።

ሴትየዋ ቁልፏን አየች። ሠላሳ ዓመት የሰው ሞት ያየች ሴት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«በፈጠረሽ፣ አትንገሪያት።»

«እርስዎን አስረን ስንወስድ ምን ልትባል ነው? እናትሽ አባትሽን ገደለች? ዕድሜ ልኳን ትጠላዎታለች።»

«ትጥላኝ! ራሷን ከምትጠላ እኔን ትጥላ።»

እትዬ ለምን በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ «ለምን» ማለት አቃታት። ልብ ብሎ ላየው መልሱ ከፊቷ ተቀምጦ ያለቅሳል። ሐሰቱን እንዳለ ልትተወው አልቻለችም፤ ቢተው አንዲት ንጹሕ ሴት በነፍስ ግድያ ወህኒ ትወርዳለች። «የማልናገረውን አልናገርም» አለቻት በመጨረሻ። «የርስዎን ሐሰት ግን አፈርሰዋለሁ።»

ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ቆማ፣ ኮፍያውን በእጇ ይዛ ጀመረች።

«ጋሽ ብሎን በኤሌክትሪክ ነው የሞተው።»

«ልቡ አይደለም?» አለች ልጅቱ።

«አይደለም። ይህን ሶኬት ሲያስገባ ዋናው መብራት በራበት። ባለቤቱ ኮፍያውን እያየሁ በንዴት አበራሁት ብለዋል።» ወንድምየው ከመቀመጫው ተነሳ፤ በእጇ መለሰችው። «ቁጭ ይበሉ፤ አልገደሉትም። መብራቱ ሲበራ እጀታው ከሣጥኑ ጋር ይለጠፋል፤ ኮፍያ አይሰቀልበትም። ስለዚህ ሰው ኮፍያውን ሲሰቅል መብራቱ በርቶ ነበር፤ ለዚህ ነው የቀን መቁጠሪያ አውርዶ ሚስማር የፈለገው። የተናደደ ሰው ደግሞ ኮፍያ ይወረውራል እንጂ ሚስማር ሲፈልግ አይውልም።»

«እና?» አለ አናጢው።

«እናማ ወጥ ቤት ሂዱና ትሪውን እዩ። እትዬ እያንጎራጎሩ ገቡ። ማንቆርቆሪያ ጣዱ፤ መብራት የለም። ኩባያ ግን ሁለት አቅርበዋል፤ አንዱ የሱ ነው፣ ራሱ ያጣበቀው። ባሏን ልትገድል የምትሄድ ሴት ለባሏ ሻይ አታቀርብም። ኮሪደሩ ጋ ሄዱ። እጀታው ላይ ኮፍያ የለም። በዚህ ቤት ሕግ ኮፍያው ከሌለ ሥራው አልቋል። አበሩት።»

ሚስትየዋ ከንፈሯን ነክሳ ልጇን ብቻ ታያለች።

«ሶኬቱስ ለምን ነበር ካላችሁ» አለች መርማሪዋ፣ ጥግ ላይ ያለውን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ። የሸክላ ማጫወቻው ተወልውሎ፣ አዲስ ገመድ ገብቶለት ተቀምጧል። ላዩ ላይ በሟቹ እጅ «ለወንድሜ፣ እሁድ ጠርቼው አብረን የምንሰማው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ታክሲ ነጂው «ወይኔ ወንድሜን!» ብሎ እንደ ልጅ ጮኸ። የስምንት ወሩ ኩርፊያ እዚያው ወለሉ ላይ ወደቀ፤ የሚያነሳለት ግን አልነበረም።

«ኮፍያውን ማነው ያነሳው?» አለ እያለቀሰ። «ማነው?»

«ክፉ ያላሰበ ሰው» አለች መርማሪዋ። «መዝገቤ ላይ አደጋ ብዬ እጽፋለሁ። ከዚህ በላይ መናገር ሥራዬ አይደለም።»

 እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አንዳንዱ ንጋት ግን ባይነጋ የሚሻል ነው። ልጅቱ ዐይኗን ከኮፍያው ላይ መንቀል አቅቷት ቆማለች።

«ውጭ ተቀምጦ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ፀሐይ ይሞቅ ነበር። የጨረሰ መሰለኝ። አዲስ ላሰፋለት፣ በልኩ... ልብስ ሰፊው አሮጌውን አምጪ ብሎኝ...» ቀና አለች። «እማዬ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር እኮ። መሐረቡን ስታወጪ አገኘሽው።»

«ያበራሁት እኔ ነኝ!» እናትየው ሮጣ አቀፈቻት። «እጁ የኔ ነው። አንቺ ምን አደረግሽ? ኮፍያ ነው ያነሳሽው!»

«ሕጉን ረሳሁት። አባዬን ረሳሁት።»

«እኔ ስሙን ብጠራ ኖሮ። 'ጨረስክ ወይ' ብለው ምን ነበረበት? አንዲት ቃል!»

ሁለቱም ጥፋቱን ከሌላዋ ትከሻ አውርደው በየራሳቸው ሊሸከሙት ይታገላሉ። አናጢው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሃምሳ አለቃውም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ልጅቱ በድንገት ከእናቷ እቅፍ ወጥታ ወደ ኮሪደሩ ሄደች። ሁሉም ተከተሏት። የብረት ሣጥኑን እጀታ ወደ ውጭ ጎተተች። የማቀዝቀዣው ድምፅ ቀጥ አለ። ክዳኑን ከፈተች፣ ፊውዙን ነቀለችና ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለች።  «በዚህ ቤት ማንም ማንንም አይመንም። እኔንም አትመኑ።»

 እናትየው ቀርባ ኮፍያውን ከመርማሪዋ እጅ ወሰደች። በውስጡ የቀረችውን የቁጥር ወረቀት አየችና ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው። ከዚያ እጇን ወደ ልጇ ዘረጋች።

«መልሺው» አለች።

«እማዬ...»

«ፊውዙን መልሺው፣ ልጄ። አባትሽ እንዳለው ነው። ሰው አለኝ።»

ልጅቱ እያነባች ፊውዙን ከኪሷ አወጣችና ቦታው መለሰችው። እናትየው ኮፍያውን እጀታው ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ ሁለቱም ከሥሩ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ መርማሪዋም ሌሎቹን በምልክት አስወጥታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ያን ቀን በዚያ ቤት ማንም መብራት አላበራም።