ሁለት ጓጉንቸር በአንድ ሳጥን ላይ

«እማማ፣ እግርዎን ያንሱልኝ፤ ገመዱን ልይ።»

ይህ ነው የመጀመሪያ ቃሉ። እስቲ ፍረዱኝ! ሽበቱ ከእኔ ሻሽ የነጣ ሰውዬ፣ ቱታውን ለብሶ በራፌ ላይ ቆሞ እማማ ይለኛል።

«ማንን ነው እማማ የምትለው? አንተን ለመውለድ እኔ መቶ ዓመት ሊሞላኝ ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ያፍራል ስል ፈገግ አለ።

«እንግዲያው ምን ልበልሽ?»

ከአንቱታ ወደ አንቺ፣ በአንድ ትንፋሽ!

«ምንም አትበለኝ። ሥራህን ሥራ።»

«እሺ፣ እሜቴ።»

ይህን የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ክር ግን ዓይኔን ጨፍኜ በመርፌ ቀዳዳ አስገባለሁ። «አክስቴ፣ ይቺን ቃል ላለስልሽ?» ስትለኝ፣ «እንደወረደ ጻፊ» ብያታለሁ። እንደወረደ ስሙት።

ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ልብስ ስፌት ቤቴ ባለ አራት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ውስጥ፣ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ነው። አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ደህንነት የምትመረምር ሴትዮ መጣች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ራሷ ላይ ነጭ ቆብ፣ እጇ ላይ ረጅም ዝርዝር። ያልጣማት ቦታ ሁሉ ላይ ቀይ ወረቀት ትለጥፋለች። ጥርስ ሐኪሙ ጋ ለጠፈች፣ መድኃኒት ቤቱ ጋ ለጠፈች። ቀይ ወረቀት ያልተለጠፈበት የጎረቤቴ የፀጉር አስተካካዩ ግንባር ብቻ ነው።

እኔም አልቀረልኝም። የካውያዬን ገመድ ሟቹ ባሌ በፕላስቲኩ ምንጣፍ ሥር ነበር ያሳለፈው። «ይሄ እሳት ነው» አለች። «እሳትስ አንቺ ነሽ» አልኳት፤ በሆዴ። በሃያ ቀን ሁሉም ካልተጠገነ ሕንፃው ሊዘጋ ሆነ። ያ ሽበታም የመጣው ሊጠግን ነው። ሁሉንም አይቶ ከአራተኛ ፎቅ ጀመረ፤ ለእኔ ቤት ተራው መጨረሻ ላይ ደረሰው።

በማግስቱ መጣ። የቱታው ኪስ ተቀዷል።

«እሜቴ፣ ይቺን ስፊልኝ። ያለሷ ሥራ የለም።»

«ለኪስ?»

አንድ ጥቁር ጓጉንቸር አሳየኝ። ሽቦ ከመንካቱ በፊት መብራቱን በየፎቁ ካለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ያጠፋና ሳጥኑን በዚያ ይቆልፋል። መክፈቻው አንድ ብቻ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል።

«መክፈቻው ከእኔ ተለየ ማለት ነፍሴ ተለየች ማለት ነው» አለኝ። «ሌላ ሰው ከፍቶ ቢያበራው፣ የሚያበራው እኔ ላይ ነው።»

ደግሜ ደጋግሜ ሰፋሁለት። የሰው ነፍስ ነዋ! በሦስተኛው ቀን ተቀዶ መጣ። ሰፋሁ። በአምስተኛው ቀን ደግሞ መጣ።

«ኪስህ ውስጥ አይጥ ነው የምታረባው? የእኔ ስፌት ተተርትሮ አያውቅም!»

«ዕቃው ከበደው መሰለኝ...»

ተቆጣሁ። ግን ውሸት ምን ያደርግልኛል... በሰባተኛው ቀን አዲስ ሻሽ አሰርኩ። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ሠርግ አለ እንዴ?» አለኝ።

«የአንተ ቀብር ነው» አልኩት።

በሰባተኛው ቀን አልመጣም። በስምንተኛው ለልኬት ደንበኛ ቤት ደርሼ ተመለስኩ፤ ያን ቀንም አላየሁትም። በዘጠነኛው ያው ምላሰ ረጅም ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ሰውዬሽ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከመርማሪዋ ጋር። ሲሳሳቁ ደረጃው ድረስ ይሰማል።»

«ምን አገባኝ?» አልኩና የጥርስ ሐኪሙን ካፖርት ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። ካፖርቱ ገና እጅጌ አልነበረውም።

ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ሳጥኑን አየሁ። የእሱ ጥቁር ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አጠገቡ ሌላ አለ፤ ትንሽ፣ ቀይ። በአንድ ብረት ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ተቃቅፈው! ከወዲያ ሁለቱ ግድግዳው ሥር ተንበርክከው ሽቦ ያያሉ። ሴትዮዋ ትስቃለች። እሱ ዞር ሲል ዓይኔ ኪሱ ላይ ዐረፈ።

ተሰፍቷል። በአረንጓዴ ክር!

የሌላ ሴት ሽቶ ቢሸተኝ ይሻለኝ ነበር። ሽቶ ነፋስ ይወስደዋል፤ ስፌት ግን የሰው እጅ ነው፣ አብሮት ይውላል። ደግሞ ማስጠላቱ! ጠማማ፣ ልቅ፣ ዶሮ የጫረው የመሰለ። ለእኔ ስፌት ያልበቃ ኪስ ለዚህ በቃ?

«እሜቴ! መጣሽ?»

«እንዴት ዋሉ፣ ጌታዬ?»

ፊቱ ተለወጠ። «አንቱ? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ኪስዎ አምሮብዎታል። የሰፋ እጅ ይባረክ።»

ካፖርቱን ታቅፌ ወረድኩ። ጠራኝ፤ አልዞርኩም። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ኮቴውን በሰማሁ ቁጥር በሬን ዘጋሁ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንኳኳ።

«ክፈቺልኝ። የቀረው ያንቺ ቤት ብቻ ነው። ነገ ይመረመራል።»

«ለሌላ ሰው ይሥሩ።»

«ከነገ ወዲያ ሌላ ከተማ ሥራ ይጠብቀኛል፤ መሄዴ ነው። እንዲህ ተኳርፈን ልሂድ?»

«በሰላም ይግቡ።»

የእግሩን ድምፅ ጠበቅኩ፤ አልሰማሁም። ያኔ እንባዬ መጣ። የደንበኛ ሱሪ ነበር እጄ ላይ፤ እሱ ላይ አለቀስኩበት። እርጥበቱ እንዳያሳጣኝ ብዬ ካውያውን ሰካሁና ማድረቅ ጀመርኩ። እየተኮስኩ አለቅሳለሁ፣ እያለቀስኩ እተኩሳለሁ። ለካ እግሬ ሥር ሞቋል! ፕላስቲክ ሲቃጠል ሸተተኝ። ወደታች ባይ ከምንጣፉ ጭስ ይወጣል።

«ኧረ ወገን!»

ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ መብራቱ ድርግም አለ። ሰውዬው ለካ አልሄደም! ደረጃው ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ጭሱ ሲሸተው ሮጦ ከሳጥኑ አጠፋው።

«ክፈቺ! ስለ እናትሽ ክፈቺ!»

ከፈትኩ። ገፍቶኝ ገባ፣ ምንጣፉን ገለጠ። ገመዱ ከሰል ሆኗል። ምንጣፉ፣ እግሬ በነበረበት ቦታ፣ መዳፍ በሚያህል ተበስቷል። እጄን ያዘኝ።

«በእኔ ተናደጂ፣ ስደቢኝ» አለ። «ግን እንዲህ አታድርጊኝ።»

ያቺ መርማሪ ሽታውን ተከትላ እየሮጠች ወረደች። እሷን ሳይ እጄን መነጨቅኩ።

«ይሂዱ፤ ጓጉንቸርዎን ያቀፈችው መጣች።»

«ምን?» አለች ሴትዮዋ።

«ቀዩ ያንቺ አይደለም? አረንጓዴው ክርስ?»

መጀመሪያ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ቆቧን አውልቃ ሳቀች።

«እትዬ፣ ሽቦ የሚነካ ሁሉ የራሱን ጓጉንቸር ያንጠለጥላል። ሁሉም ካልተከፈተ መብራት አይመጣም። ያን ቀን እኔም እየለካሁ ነበር። ኪሱን የሰፋሁት አንቺ ለልኬት ወጥተሽ ቤትሽ ዝግ ሆኖ ስላገኘው ነው። በተቀደደ ኪስ አላሠራውም። ክሩ የልጄን ቀሚስ ልጠግን ቦርሳዬ ውስጥ የያዝኩት ነው።»

«መስፋት አትችይም» አልኳት።

«አውቃለሁ። ግን የሚቀደው እሱ ራሱ ነው! በምላጭ ሲተረትረው ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። እንደ ጥፋት ዝርዝሬ ላይ ልጽፍበት ነበር።»

ዞር ብዬ አየሁት። ያ የማያፍር ሰውዬ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ለምን?»

«አንቺ ጋ ሌላ ምን ብዬ ልምጣ? እሜቴ፣ ያንቺ ስፌት እኮ ለምላጭም አይበገርም። ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀብኝ።»

ከዚህ የበለጠ ደግ ቃል ማንም ብሎኝ አያውቅም፤ ሟቹም ነፍሱን ይማረውና አላለኝም።

መርማሪዋ «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። እሱ ሳጥኑን በጥቁሩ ጓጉንቸር ቆለፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«የቤትሽን ጓጉንቸር አምጪ።»

«እኔ ሽቦ አልነካም።»

«ቤቱ ያንቺ ነው። እኔም... የምሠራው እምነቴን አንቺ ላይ ጥዬ ነው። አንጠልጥይ።»

አንጠለጠልኩ። የእኔ ትልቅ ነው፣ የዛገ። ከጥቁሩ ጋር ተጋጭቶ ኳ አለ። መክፈቻውን ደረቴ ውስጥ ከተትኩ። ሁለት ሰዓት ሠራ። አዲሱን ገመድ በግድግዳው አሳለፈው፣ ለካውያው ራሱን የቻለ ሶኬት አበጀለት። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ያን አረንጓዴ ክር ከኪሱ ላይ አንድ በአንድ ነቀልኩና በራሴ ክር ሰፋሁት።

ሲጨርስ የራሱን ጓጉንቸር ከፈተ።

«የቀረው ያንቺ ነው።»

«አልከፍት ብልስ?»

«ከመጨለሙ በፊት ከከፈትሽ ጥሩ። አልከፍትም ካልሽ በጨለማ እንቀመጣለን። እኔ አልቸኩልም።»

«ሌላው ከተማስ?»

«እዚያ ሌላ ሠራተኛ ይልካሉ። እሜቴ... ልቅር ወይ?»

ልቤ ጨርቅ ሳይገባበት እንደሚሮጥ የስፌት መኪና ሆነ።

«ቅር» አልኩት። «ግን ከእንግዲህ ኪስህን የምቀደውም የምሰፋውም እኔ ነኝ።»

ከፈትኩት። መብራቱ ቦግ ሲል ፀጉር አስተካካዩ በበሩ አንገቱን አስግጎ፣ «እትዬ፣ የማን ቀብር ነበር ያልሽኝ?» አለ። መቀሱን ወረወርኩበት፤ ሳትኩት።

ሕንፃው በማግስቱ ምርመራውን አለፈ። እኛ በወሩ ተጋባን። መርማሪዋ ሠርጋችን ላይ መጣች፤ መልካም ሴት ናት፣ ክፉ አይወጣኝም። ይኸው ስድስት ዓመታችን። ዛሬም ከሥራ ሲገባ ከፊቱ በፊት የማየው ኪሱን ነው። ስፌቱ የእኔ ነው፤ እሱም የእኔ ነው።

ሱቄ ውስጥ የማይገኝ የክር ቀለም የለም። አረንጓዴ ግን አልይዝም። አረንጓዴ ቀሚስ ያላት ሌላ ቤት ታሰፋ።