የመልስ ጀልባ

ሶስና ተካልኝ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ከሁሉ በፊት የምትሠራው ሥራ ቀን መቁጠር ነው። አገር ጎብኚ የሚያስመጣው፣ አልፎ አልፎም ሰው ወደ ውጭ የሚልከው ድርጅታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው ያለው፤ ከሥር ጄኔሬተሩ ሲያጓራ ወለሉ ይንዘረዘራል። ግድግዳው ላይ ሁለት የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፣ አንዱ የኛ፣ ሌላው የፈረንጅ፣ እሷም ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ስታሻግር ኖራለች። ፈረንጁ በጃንዋሪ እመጣለሁ ሲላት ጥር ብላ ትጽፋለች፤ ሾፌሩ የጥምቀት ማግስት ሲላት ጃንዋሪ ሃያ ትለዋለች። ተሳስታ አታውቅም፤ በዚህም ትንሽ ትኮራለች።

በዚያ የኅዳር ሳምንት የምታሰናዳው ጉዞ ግን የደንበኛ ሳይሆን የአባቷ ነበር። መምህር ተካልኝ ሠላሳ ስምንት ዓመት ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ስለ ሞቃታማ ደን ያልነገሩት ተማሪ የለም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ዛፎቹን ይደረድሩና ይህ ጣራው ነው፣ ይህ ወለሉ ነው፣ እዚህ ብርሃን አይደርስም እያሉ ክፍሉን ሁሉ በዜማ ያስደግሙታል፤ ራሳቸው ግን እንዲህ ያለውን ደን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ሦስቱ ልጆቻቸው ተማክረው፣ ከምድር ወገብ ላይ ባለች አንዲት ደሴት፣ ወንዝ ዳር በእንጨት በተሠራ ያማረ ማረፊያ፣ ሰባት ሌሊት ሊያሳድሯቸው ቆረጡ። ኦራንጉታን የሚባለው ትልቅ ቀይ ዝንጀሮ ቁርሱን ሲበላ አልጋ ላይ ተጋድሞ ማየት ይቻላል ይላል ማስታወቂያው። ለእያንዳንዱ እንግዳም በስሙ አንድ ካሜራ ዛፍ ላይ ይታሰርለታል፤ ካሜራው ከፊቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲኖር ብቻ በራሱ ያነሳና ፎቶውን ለቤተሰብ ይልካል።

መምህሩ ቅጹን ቢሮዋ ድረስ መጥተው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ፈተና እንደሚያወጣ ሰው ተጠንቅቀው በእጃቸው ሞሉት።

"አባዬ፣ ብቻህን አትፈራም?" አለቻቸው።

"ደን ምን ያስፈራል? ሰማንያ ጎረምሳ በአንድ ክፍል ያስተማርኩ ሰው ነኝ እኮ።"

ምሳ ሰዓት ላይ፣ መብራት ሊጠፋ ነው ሲባል፣ ሶስና ቅጹን በጥድፊያ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠችው። ጥር ዐሥራ ሁለትን ጃንዋሪ ሃያ አለችው። 2017 የሚለውን ግን በአባቷ የመምህር እጅ አምሮ ተጽፎ አየችውና እንዳለ ትታ ቅጹን ለማረፊያው ላከችው። የኛ 2017 ጥር ላይ ለፈረንጅ 2025 ነው፤ የፈረንጅ ጃንዋሪ 2017 ደግሞ ካለፈ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ግን ማፍሰሷን እንኳ ያወቀችው በማግስቱ ነበር።

በማግስቱ ሉሲያ ከምትባል የማረፊያው ሠራተኛ መልስ መጣ። አባትዎ ትናንት በሰላም ደርሰዋል፣ ክፍላቸውንም ወደዋል ይላል። አብሮ የተላከው ፎቶ ላይ አንዲት ትንሽ ድኩላ በረጠበ ቅጠል ሥር ቆማለች፤ ከግርጌው ጃንዋሪ 20 ቀን 2017 የሚል ቀን ታትሟል። ሶስና ስህተቷ ያን ጊዜ ገባት፤ ሳቀችና ፊት ለፊቷ ለምትሠራው ለእቴነሽ አሳየቻት።

"አንቺም ትሳሳቻለሽ ለካ" አለች እቴነሽ ደስ ብሏት። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።"

ሶስና የዓመቱን ስህተት አርማ ላከች። ከሰዓት በኋላ የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ ምንም ስህተት የለም፣ አባትዎ ሁለተኛ ቀናቸውን ይዘዋል። ፎቶው ላይ ጭቃ የረገጡ ሁለት እግሮች ይታያሉ፤ ቡናማ፣ ወፍራም ሶል ያለው፣ ቀይ ማሰሪያ የገባበት ጫማ፣ ቅዳሜ ዕለት ከአባቷ ጋር መርካቶ ወርደው የገዙት። ስልኳን አነሳች።

"አባዬ፣ የት ነህ?"

"የት እሆናለሁ? ቤት ነኝ። ምነው?"

"ጫማህስ?"

"ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ አልነካሁትም። ምን ሆነሻል፣ ሶሲ?"

ምንም አልሆንኩም አለችና ዘጋችው። ክፍሏ ውስጥ ግን ከየት እንደመጣ ያላወቀችው ሽታ ነበር፤ ለብዙ ዘመን ፀሐይ ያላየ አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠልና ደርቆ የማያውቅ እንጨት አንድ ላይ ሲተነፍሱ የሚሸት ዓይነት፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቀስ እያለ ወጥቶ ወረቀቱንና መጋረጃውን የሚያረጥብ የሚመስል። መስኮቱን ከፈተችው። የናፍጣው ጭስ ገባና ሽታውን ሸፈነው።

በሦስተኛው ቀን ፎቶ ላይ አባቷ ነበሩ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ፈገግ ብለው ቆመዋል። ሶስና ያ ካሜራ የሚንቀሳቀስ ነገር ካላየ እንደማያነሳ አስታወሰችና ምስሉን አጉልታ ከዳር እስከ ዳር ፈለገች፤ አባቷ እንደ ግንድ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ቅጠሉም ዝም ብሏል። ከጀርባቸው ያለው ጨለማ ብቻ ትናንት ከነበረበት ወደ ካሜራው ቀረብ ብሏል። ከዚያ በኋላ ሥራ መሥራት አልቻለችም።

በአራተኛው ቀን የመጣው ዐሥር ሰከንድ የምትሆን ቪዲዮ ናት። ምንም አይታይባትም፤ ጥቁር ነው፣ ከላይ ከሩቅ ዝናቡ የዛፎቹን አናት ይመታል፣ ከታች ደግሞ ውሃ ከቅጠል ወደ ቅጠል ይንጠባጠባል፣ በመካከሉ የአባቷ ድምፅ ቀስ ብሎ ይመጣል። "ይህ ጣራው ነው" ይላሉ። ከጨለማው ውስጥ ብዙ ድምፆች በአንድ ዜማ "ይህ ጣራው ነው" ብለው ተቀበሏቸው። "ይህ ወለሉ ነው" አሉ። ተቀበሏቸው። ከዚያ አባቷ ዝም አሉ፤ ድምፆቹ ግን እሳቸውን ሳይጠብቁ ሦስተኛውን ራሳቸው ጨረሱት።

"የየትኛው ትምህርት ቤት ነው?" አለች እቴነሽ ቀና ሳትል።

ሶስና ቪዲዮዋን ዘጋች። አባቷን ወደዚያ ስፍራ መላክ እንደሌለባት ብቻ አወቀች፤ ጥር ሳይመጣ፣ ጫማው ከሣጥኑ ሳይወጣ፣ ነገሩን ከሥሩ መቁረጥ አለባት። የአባቴን ጉዞ የቀረውን ሁሉ ሰርዙልኝ ብላ ጻፈች። ላከችውና ትንሽ ቀለል አላት።

መልሱ ወዲያው መጣ። "በጠየቁን መሠረት ሰርዘናል። የደረሱበትንና የተከፈለባቸውን ሰባት ሌሊቶች መሰረዝ ስለማይቻል፣ ከጉዟቸው የቀረችው የመልስ ጀልባቸው ብቻ ነበረች። እሷን አስቀርተናል።"

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ጀልባዋን መልሷት ብላ ጻፈች። እባካችሁ ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ላይ ደብዳቤዋ ሳይከፈት ተመለሰባት፤ እንዲህ ያለ አድራሻ የለም ይላል። ወደ ማረፊያው ስልክ ደወለች፤ የምትናገረው ሴት ቋንቋ ባይገባትም፣ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አይደለም የሚለው አባባል በየትኛውም አገር ቃናው አንድ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ያፈሰሰችውም ራሷ ናት።

ፎቶዎቹ ግን መምጣታቸውን አላቋረጡም። የመጀመሪያው ጃንዋሪ 27 ነው፤ አባቷ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ሻንጣቸውን ይዘው፣ ወንዙ ዳር ካለው የእንጨት መውረጃ ላይ ቆመዋል። በ28ም እዚያው ናቸው። በመጋቢት ጢማቸው አድጓል። እሷ እያለቀሰች አንዱን ሳትዘጋ ሌላው ይደርሳል፤ የሻንጣው እጀታ ተበጠሰ፣ ባርኔጣው ጠፋ፣ ኮቱ ሻገተ፣ ጫማው ከእግራቸው ላይ በስብሶ አለቀ፣ ዓመቱ አንድ ባንድ እየጨመረ ሄደ። በሁሉም ላይ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አድርገው ይጠብቃሉ፤ በሁሉም ላይ ጨለማው ለጀርባቸው ትንሽ ይቀርባል። ልትጮኽላቸው ብትችል በጮኸች ነበር። የመጨረሻው ፎቶ የዛሬ ነው፣ የዛሬ ከሰዓት። መውረጃው ላይ ሻንጣው ብቻውን ተቀምጧል፤ ሰው የለም።

ቦርሳዋን እንኳ ሳትዘጋ ታክሲ ይዛ ጎፋ ወደ አባቷ ቤት በረረች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የግቢው በር ገርበብ ብሏል፤ ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ይሠራል። አባቷ በመስኮቱ ትይዩ ተቀምጠዋል፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው። ከእግራቸው ሥር ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች፤ እጃቸው ሞቃትና ደረቅ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሁሉም ነገር ደህና ነበር።

"ጉዞው ቀርቷል አባዬ" አለች ጉልበታቸው ላይ እያለቀሰች። "ሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ እወስድሃለሁ። ይቅር በለኝ።"

"ግድ የለም ልጄ" አሉ መምህር ተካልኝ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሱ ፀጉሯን እየዳሰሱ፤ "ስምንት ዓመት ሙሉ ጀልባዋ የተበላሸች መስሎኝ ነበር እንጂ፣ አንቺ ያስቀረሻት መሆኑን አላውቅም ነበር።"